ሼዱን ሳያስመረምሩ አይፈርሙ

የአዲስ አበባ ነጋዴ ሸቀጥ ሲገዛ ያለው ጥንቃቄ የሚያስመሰግን ነው። ቡና ሲገዛ ቀምሶ ነው። ሰሊጥ ሲገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ አይረካም፣ ከሆዱ ዘግኖ ያያል። ያገለገለ መኪና ሲገዛ መካኒኩን አስከትሎ ሄዶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ከሥር ገብቶ አይቶ ነው። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ለዓመታት የሚታሰርበትን መጋዘን ወይም የፋብሪካ ሼድ ሲከራይ፣ ከደላላው ጋር አንዴ ዞር ዞር ብሎ፣ በግድግዳው አዲስ ቀለም ተማርኮ ይፈርማል። የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ለአንድ መኪና መካኒክ የምንቀጥር ሰዎች፣ ለሕንፃ መሐንዲስ መቅጠርን ለምን እንደ ቅንጦት እናያለን?

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአንድ ወዳጄ ነገር ነው። ወዳጄ ወረቀት አስመጪ ሲሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎሮ አካባቢ መጋዘን ተከራየ። የተከራየው በጥር ወር ነበር። ፀሐይ ነው፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ግድግዳው ተቀብቷል። በሐምሌ የአዲስ አበባ ዝናብ በረዶውን ይዞ ሲወርድ አሸንዳው ሞልቶ ወደ ውስጥ ፈሰሰ። ከታች የተደረደረው የወረቀት ጥቅል ውሃ ጠጥቶ አበጠ። ወዳጄ ወደ አከራዩ ሮጠ። አከራዩ ውሉን አወጡና አንዲት መስመር አሳዩት፦ «ሕንፃውን በመልካም ሁኔታ ላይ እንዳለ ተረክቤያለሁ» ትላለች። የፈረመው እሱ ራሱ ነው። የወረቀቱን ዋጋም፣ የጣሪያውን ጥገናም የከፈለው እሱ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሦስት ቀን ለመቆጠብ ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ ከሰረ።

ለምን ቦሌ ለሚ፣ ለምንስ አሁን?

ጉዳዩ የአንድ ጎሮ መጋዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ገጽ ባላጣበብኩ ነበር። ነገር ግን በምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል የሕንፃ ኪራይ ገበያው መልኩን እየለወጠ ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ የሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ሲጀምር፣ በመንግሥት የተገነቡ 20 ሼዶችን ይዞ ነበር። ዓላማውም በዋናነት ልብስና ጫማ ሰፍተው ወደ ውጭ የሚልኩ የውጭ ኩባንያዎችን መሳብ ነበር። ቀጥሎም የዓለም ባንክ በ2006 ዓ.ም. ባጸደቀው የ250 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሁለተኛው የቦሌ ለሚ ምዕራፍና የቂሊንጦ ፓርክ ልማት ታቅዶ ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ውሃ ፈሰሰ። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ማለትም ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካው የአጎዋ የንግድ ዕድል ታገደች። ለአሜሪካ ገበያ ይሰፉ የነበሩ ኩባንያዎች ትዕዛዝ ሲቀንስባቸው፣ በየፓርኮቹ የለቀቁም ሥራ ያሳነሱም ታዩ። በሌላ በኩል የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ለአገር ውስጥ አምራቾችም በሩን ከፈተ። ፓርኮቹ በ2007 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 886 ሲተዳደሩ ቆይተው፣ በ2016 ዓ.ም. የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322 ወጥቷል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲደመር ትርጉሙ አንድ ነው፦ ዛሬ ሼድ የሚከራይ ሰው አዲስ ሼድ ሳይሆን ሌላ ሰው ዓመታት የሠራበትን ሼድ ነው የሚረከበው። የቀድሞው ተከራይ ወለሉ ላይ ምን ተክሎ ነበር? ጣሪያውን ስንት ቦታ በስቶታል? መብራቱን በማን አስዘርግቷል? ይህን የሚናገር ቀለም የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው በትክክል መሠራትና ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ይሆናል ይላል። በ2006 ዓ.ም. አካባቢ የተጠናቀቀ ማንኛውም ሕንፃ ይህን ዕድሜ አልፎታል። ስለዚህ ከእንግዲህ በእነዚህ ሕንፃዎች ላይ የሚገኝ ጉድለት የአከራዩ ወይም የተከራዩ ዕዳ ነው። ከሁለቱ የማን እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ ውሉ ነው።

የባንክ መሐንዲስ ግምት ምርመራ አይደለም

ብዙ ነጋዴ «ባንኩ መሐንዲስ ልኮ አስገምቶታል» ሲባል ሕንፃው የተመረመረ ይመስለዋል። ስሕተት ነው። የባንኩ መሐንዲስ የሚመጣው ባንኩ ያበደረው ገንዘብ በሐራጅ ይመለሳል ወይ የሚለውን ለመገመት ነው። ካሬ ሜትሩን ይለካል፣ የግንባታውን ዓይነትና ደረጃ ይመዘግባል፣ ቦታውን ያያል፣ ዋጋ ይጽፋል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቡሎን አይቆጥርም፤ የመብራት ሳጥን ከፍቶ የጋለ ሽቦ አይፈልግም። ሥራውም አይደለም። የመድን ድርጅት ባለሙያም እንዲሁ የሚያየው ለድርጅቱ ስጋት ነው። ለእርስዎ ጥቅም ብሎ የሚያይ ባለሙያ እርስዎ የከፈሉት ብቻ ነው። አከራዩ ወይም ደላላው «እኔ የማውቀው መሐንዲስ አለ» ቢልዎትም አመስግነው የራስዎን ይዘው ይምጡ።

ምርመራው ከወረቀት ይጀመራል

ደኅና መሐንዲስ በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው መሰላል ሳይሆን ፋይል ነው። ከግል ባለቤት ከሆነ የሚከራዩት ወይም የሚገዙት፦ ካርታው፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይጠየቃል። በ2013 ዓ.ም. የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ሲቋቋም የአስተዳደር ወሰን ተለውጧል፤ በመሆኑም የምሥራቁን አካባቢ ይዞታ ፋይል በየትኛው ክፍለ ከተማ እንደሚገኝ አስቀድሞ ማረጋገጥ ከብዙ መመላለስ ያድናል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፋብሪካና ወርክሾፕን የመደበው ከፍተኛ ጥንቃቄ በሚጠይቀው ምድብ «ሐ» ውስጥ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ሕንፃ ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ አገልግሎት ላይ እንዳይውል አዝዞ ነበር። ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ አለ ማለት የመጠቀሚያ ፈቃድ አለ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ይታዩ። ለመኖሪያ ወይም ለሱቅ የተፈቀደ ሕንፃ ወደ ፋብሪካ ተለውጦ ከሆነ፣ ለውጡ በማን እንደጸደቀ ይጠየቅ።

በፓርክ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሼዱ የኮርፖሬሽኑ ነው፣ መሬቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ነባሩ ተከራይ «ቦታዬን ላስረክብህ» ቢል፣ ያለ ኮርፖሬሽኑ የጽሑፍ ስምምነት ምንም ገንዘብ አይነካካ። ከሼዱ ጋር ማሽን ይሸጥልዎት እንደሆነም ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። አንደኛ፣ ማሽኑ የገባው ከቀረጥ ነፃ ነው ወይ? ከሆነ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ሊጠየቅበት ይችላል። ሁለተኛ፣ በባንክ ተይዟል ወይ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና የሚመዘገብበትን ሥርዓት ዘርግቷል። መዝገቡን ሳያዩ የሰፌት ማሽን መግዛት የሌላ ሰው ዕዳ መግዛት ሊሆን ይችላል።

ከጣሪያ እስከ ወለል

በሁለተኛው ቀን መሰላሉ ይመጣል። በመንግሥት ፓርኮች የተለመዱት ሼዶች 5,500 እና 11,000 ካሬ ሜትር ስፋት ያላቸው፣ በብረት አጥንት ላይ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። በዚህ ዓይነቱ ሕንፃ ላይ የመጀመሪያው ጠላት ውሃ ነው። ቆርቆሮውን የያዘው ቡሎን ሥር ያለችው ጎሚኒ በፀሐይ ደርቃ ትሰነጠቃለች። ብርሃን አስገቢው ፕላስቲክ በበረዶ ይበሳል። አሸንዳው በቅጠልና በአቧራ ይደፈናል። የቀድሞው ተከራይ ለማራገቢያ ወይም ለጢስ መውጫ ብሎ የበሳው ቀዳዳ በሲሊኮን ተለጥፎ ይገኛል። መሐንዲሱ ከውስጥ ሆኖ በብረቱ ላይ የዝገት ዕንባ የወረደበትን መስመር ያነባል፤ ውሃ ባለፈበት ምልክት ይተዋል። የሚቻል ከሆነ ምርመራውን በክረምት፣ ካልሆነም ጣሪያው ላይ በቧንቧ ውሃ አስለቅቆ ማድረግ ይሻላል። በበጋ ያየነው ጣሪያ የግማሽ ዓመት ጣሪያ ነው።

ቀጥሎ ወለሉ ነው። የአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ብዙ ቦታው ጥቁር አፈር እንደሆነ ገበሬውም መሐንዲሱም ያውቃል። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። አፈሩ በሚገባ ተቆርጦ ካልወጣና በተጠቀጠቀ ድንጋይ ካልተተካ ወለሉ አብሮት ይነሣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ስንጥቅ ሲታይ ዋናው ጥያቄ «አለ ወይ?» ሳይሆን «እየሰፋ ነው ወይ?» የሚል ነው። ቀጭን የልስን ስንጥቅ ብዙ አያስጨንቅም። በአምዱ ሥር በሰያፍ የሚሄድ፣ ወይም በአንድ ወገን ከፍ በሌላው ዝቅ ያለ ስንጥቅ ግን ቱንቢና ውሃ ልክ ይጠይቃል። ለሰፌት ማሽን የሚበቃ ወለል ለወረቀት ጥቅል፣ ለእምነ በረድ ወይም ለከባድ ፕሬስ ላይበቃ ይችላል። «ወለሉ በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ በቃል ሳይሆን ከፕላኑ ላይ ይምጣ።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በተለይ ፎቅ ያለው ሕንፃ የሚከራይ ሰው፣ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ሕንፃው በባለሙያ ታይቶ እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው።

መብራት፣ ውሃና ፍሳሽ

«መብራትና ውሃ አለው» የሚለው የደላላ ቃል ምንም ማለት አይደለም። ስንት ኪሎ ዋት ተፈቅዶለታል? ትራንስፎርመሩ የሼዱ ብቻ ነው ወይስ ጎረቤት ይጋራዋል? ቆጣሪው በማን ስም ነው፣ ውዝፍ አለበት ወይ? የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ሳጥኑን ከፍቶ የብሬከሩን ልክ ከሽቦው ውፍረት ጋር ያመሳክራል፣ ወደ መሬት የገባውን መስመር ይለካል፣ ጄኔሬተሩን በባዶ ሳይሆን ጭነት ሰጥቶ ያስነሣል። የእንፋሎት ቦይለር ካለ ለብቻው ባለሙያ ይፈልጋል፤ ቦይለር በዓይን አይታመንም።

በውሃ በኩል የሚመጣውን ያህል የሚሄደውም ይታሰብበት። ልብስ መስፋትና ልብስ ማቅለም ወይም ማጠብ አንድ አይደሉም። ለስፌት የተሠራ ሼድ የኬሚካል ፍሳሽ አይችልም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ ጨርቃ ጨርቅ የሚያመርቱ ኩባንያዎችን ለመቀበል ሲታሰብ፣ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያ የተተከለለት ያለ ምክንያት አይደለም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ። የእርስዎ ሥራ ከቀድሞው ተከራይ ሥራ የተለየ ከሆነ፣ የእሱ ፈቃድ ለእርስዎ ይበቃል ብለው አይተማመኑ።

ከገንዘብ በላይ የሆነው

እስካሁን ስለ ብር አወራን። ነገር ግን በአንድ ሼድ ውስጥ ብዙ መቶ ልጆች ይሠራሉ። አብዛኞቹም ከየክልሉ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከአደጋው አንድ ቀን በፊት ስንጥቁ ታይቶ ነበር። ከታች የነበሩት ሱቆችና ባንክ ዘጉ፤ የልብስ ፋብሪካዎቹ ሠራተኞች ግን ተመልሰው እንዲገቡ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ የአውሮፓና የአሜሪካ ልብስ ገዢዎች የሚሰፋበትን ሕንፃ ሳያስመረምሩ ትዕዛዝ ለመስጠት ይቸግራቸዋል። እኛ ባናስመረምር እነሱ ያስመረምራሉ፤ ጉድለቱን ከእኛ በፊት እነሱ ካገኙት ውሉም ይሄዳል፣ ስማችንም ይሄዳል።

ስለዚህ የእሳት ጉዳይ በምርመራው መጨረሻ ላይ የሚጣል አይደለም። የድንገተኛ መውጫ በሮች ስንት ናቸው፣ ወደ ውጭ ይከፈታሉ ወይ፣ ቁልፍ ታስሮባቸዋል ወይ? የእሳት ውሃ መስመሩ ግፊት አለው ወይስ ቀይ ቀለም ብቻ ነው? የእሳት አደጋ መኪና በሼዱ ዙሪያ መዞር ይችላል? እነዚህን ማየት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሪፖርቱ ሲመጣ

ትልቅ ሼድ ከሆነ የቦታው ሥራ አንድ ሁለት ቀን፣ ጽሑፉ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ደኅና ሪፖርት ፎቶግራፍ ያለው፣ ጉድለቱን በሦስት የሚለይ ነው፦ ሳይጠገን የማይገባበት፣ በተወሰነ ጊዜ መጠገን ያለበት፣ እና ተመዝግቦ የሚታለፍ። «ሕንፃው በአጠቃላይ ጥሩ ነው» የሚል ባለ አንድ ገጽ ወረቀት ካመጣልዎት ገንዘብዎን ያስመልሱ። እንከን የሌለበት ሕንፃ የለምና፣ ሪፖርቱ ረዘመ ብለውም አይደንግጡ።

ሪፖርቱን ይዘው ሦስት ነገር ማድረግ ይችላሉ። አከራዩ ከመግባትዎ በፊት እንዲጠግን መጠየቅ፤ ወይም ራስዎ ጠግነው ከኪራዩ እንዲታሰብልዎት መስማማት፤ አለዚያም ትቶ መሄድ ነው። የትኛውንም ይምረጡ፣ ሪፖርቱ ከነፎቶግራፉ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ ከውሉ ጋር ይያያዝ። «በመልካም ሁኔታ ላይ እንዳለ ተረክቤያለሁ» የምትለዋ መስመር ተሰርዛ «በአባሪው በተገለጸው ሁኔታ ተረክቤያለሁ» በምትል ትተካ። ወዳጄን የከፈለችው መስመር እርስዎን ታድናለች። በሚለቁ ጊዜም ያላጠፉትን እንዲጠግኑ የሚጠይቅዎት አይኖርም።

ሒሳቡንም እናድርገው። ለምሳሌ ያህል 5,500 ካሬ ሜትር ሼድ በካሬ ሜትር 200 ብር ተከራየ እንበል። የወሩ ኪራይ 1,100,000 ብር ነው። ጣሪያና መብራት ሲጠገን ሥራ ለሦስት ወር ቢቆም ያለ ምርት የሚከፈለው ኪራይ ብቻ 3,300,000 ብር ይሆናል። ደመወዝ፣ የባንክ ወለድና የተሰረዘ ትዕዛዝ ገና አልተቆጠሩም። የመሐንዲሶቹ ክፍያ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ለደላሎችና ለኮርፖሬሽኑ

ደላሎች ይህን ሲያነቡ «መሐንዲስ ይዞ እስኪመጣ ሌላ ሰው ይወስደዋል» እንደሚሉ አውቃለሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ሳያዩ መፈረም ሳይሆን፣ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ አጭር የቀብድ ስምምነት ማድረግና ከባድ ጉድለት ከተገኘ ቀብዱ እንደሚመለስ መጻፍ ነው። ይህን የሚቃወም አከራይ ካለ፣ መቃወሙ ራሱ አንድ የምርመራ ውጤት ነው። ለደላላውም ቢሆን በየክረምቱ የሚረግመው ደንበኛ ከማፍራት፣ ሁለተኛ መጋዘን ፈልግልኝ ብሎ የሚመለስ ደንበኛ ማፍራት ይሻለዋል።

ለኮርፖሬሽኑም አንድ ሐሳብ አለኝ። ለእያንዳንዱ ሼድ አንድ መዝገብ ይከፈትለት፤ የተሠራበት ዘመን፣ ወለሉ የሚችለው ጭነት፣ የተፈቀደለት ኤሌክትሪክ፣ የተደረገለት ጥገናና በውስጡ ያለፉት ሥራዎች ተጽፈውበት፣ ለመከራየት ለሚጠይቅ ሁሉ ይታይ። መኪና እንኳ ዓመታዊ ምርመራና ሊብሬ አለው። ብዙ መቶ ሰው የሚውልበት ሼድ ከአንድ ታክሲ ያነሰ ታሪክ ሊኖረው አይገባም። እንዲህ ያለው መዝገብ የተከራዩን ወጪ ይቀንሳል፣ ኮርፖሬሽኑንም ከክርክር ያድናል።

ያ እስኪሆን ግን ኃላፊነቱ የእኛ ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። በዚህ ወር ቁልፍ ሊረከቡ የተዘጋጁ ካሉ፣ ብዕሩን ከማንሣትዎ በፊት መሐንዲስዎን ጣሪያው ላይ ያውጡት። ቀለሙ ያማረ መሆኑን ደላላው ነግሮዎታል፤ ከቀለሙ በላይ ያለውን እሱ ይንገርዎት።